«ትኬት ስንት ገባ?»

ቡና ያፈላችሁ ቡናችሁን ሳታቀዘቅዙ፣ መሪ የጨበጣችሁ ዓይናችሁን ከመንገዱ ሳትነቅሉ አዳምጡን። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አውሮፕላን ትኬት ዋጋ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ወሬ ሲነሳ ከእንግዶቹ መካከል ሦስቱ ለበዓሉ አገር ቤት የሄዱት በአንድ ቀን፣ በአንድ አውሮፕላን እንደነበር ታወቀ። ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የቤቱ እመቤት ቶናውን እየቀዱ «ለመሆኑ ትኬት ስንት ገባ?» ብለው ጠየቁ። ሦስቱም የከፈሉትን ተናገሩ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ዋጋ። ልዩነቱም የዋዛ አልነበረም፤ ብዙ የከፈለው ልጅ ስኒውን አስቀምጦ ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ። እትዬ ግን ተናደዱ። «እኔ ዋጋ ጠየቅኩ እንጂ ዕጣ አውጡ አልኩ?» አሉ።

የዚያን ዕለት መልስ ሳልሰጣቸው ወጣሁ። የዛሬው ዝግጅት ለእሳቸው የዘገየ መልስ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

እትዬ መርካቶ፣ እህል በረንዳ እየተገበያዩ የኖሩ ሴት ናቸው። «ጤፍ ስንት ገባ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚመልሱላችሁ ቁጥር አይደለም። «የቱ? ማኛው? ሠርገኛው? ቀዩ?» ይሏችኋል። የትኬትም ጥያቄ እንዲሁ ጎዶሎ ነው። አንድ ትኬት ቢያንስ ሦስት ዋጋ አለው። አንደኛው አየር መንገዱ በመዝገብ ያወጣው ነው። ሁለተኛው እናንተ በጠየቃችሁባት ደቂቃ የሚገኘው ነው። ሦስተኛው ሰዎች ከፍለው የሄዱበት ነው። ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ አንዱ ስለ አንደኛው ሲያወራ ሌላው ሦስተኛውን ይዞ ሲከራከር ነው።

ከመዝገቡ እንጀምር። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1978 ድረስ አየር መንገዶች በአገር ውስጥ በረራ ላይ ዋጋ እንዳሻቸው አያወጡም ነበር። ማን በየትኛው መስመር እንደሚበር፣ ስንትም እንደሚያስከፍል የሚፈቅድ የመንግሥት ቦርድ ነበር። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በኦክቶበር 1978 ገበያውን ነጻ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ፤ ቦርዱም በ1984 መጨረሻ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው የአየር መንገዱ ጉዳይ ሆነ። ነገር ግን በየዓለሙ የተበተነ ትኬት ቆራጭ ሁሉ ዋጋውን የሚያይበት አንድ ቋት ያስፈልጋል። ያን ሥራ ከሚሠሩት ዋነኛው አትፕኮ የሚባል፣ አየር መንገዶች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ድርጅት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመድ ለመቀበል ዘወትር ከምንመላለስበት ከዳለስ ኤርፖርት አጠገብ ነው። አየር መንገዶች ታሪፋቸውን ወደዚያ ይልካሉ፤ ከዚያ እንደ ሴበርና አማዴየስ ወዳሉት የሽያጭ ሲስተሞች ይሰራጫል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደረግ ስለሆነ «ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ግዛ» የሚለውን ምክር እኔ ከተረት እቆጥረዋለሁ።

ወደ ቋቱ የሚገባው ደግሞ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ደንብም አብሮ ይገባል። ስንት ቀን ቀድሞ መቆረጥ እንዳለበት፣ እዚያ ቢያንስ ስንት ቀን ቢበዛ ስንት ወር መቆየት እንደሚቻል፣ በየትኛው ወቅት እንደሚሠራ፣ ቀን ማስቀየር ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ቢሰረዝ ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ፣ ሁሉም በአንቀጽ በአንቀጽ ተጽፏል። ስለዚህ ታሪፍ ማለት ውል ነው፤ ዶላሩ ከውሉ አንዷ መስመር ናት።

ትኬታችሁ ላይ የዚህ ውል መለያ የሆኑ የፊደላትና የቁጥሮች ክምችት አለ። እስኪርቢቶ ያላችሁ ጻፉልኝ። እንበልና «ቪ፣ ኤል፣ ኤክስ፣ 14፣ ዩኤስ» ይላል። የመጀመሪያዋ ፊደል፣ ቪ፣ የመቀመጫውን ክላስ ትናገራለች። ኤል ብዙ ጊዜ መንገደኛ የሚቀንስበትን ወቅት ታመለክታለች፤ በእሷ ቦታ ኤች ካለች ወቅቱ የተጨናነቀ ነው። ኤክስ በሥራ ቀናት የሚሠራ ማለት ነው፤ ደብሊው ቢሆን ኖሮ የሳምንት መጨረሻ ነበር። 14 ከጉዞው 14 ቀን ቀድሞ መገዛት አለበት ነው። ዩኤስ ደግሞ ጉዞው ከአሜሪካ የሚጀምር መሆኑን ይነግራል። አጻጻፉ እንደ አየር መንገዱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ፊደል ለቤተሰቡ ብቻ የሚገባ ነው። ቢሆንም ሁለት ትኬት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እነዚህን ፊደላት ካያችሁ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መገመት ትጀምራላችሁ።

ከዚህ መዝገብ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። መርካቶ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሸጡ ነጋዴዎች ደንበኛ ፊት በሳል ይነጋገራሉ ይባላል። በ1992 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በስምንት ትልልቅ አየር መንገዶችና በዚሁ በአትፕኮ ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ ሲጠቃለል፣ በዚህ መዝገብ በኩል እየሳላችሁ ተነጋግራችኋል የሚል ነበር። አንዱ አየር መንገድ «ይህ ታሪፍ ሽያጩ የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው» ብሎ ጭማሪውን ቀድሞ ያስመዘግባል። ተፎካካሪዎቹ ያያሉ። ከተስማሙ እነሱም ያንኑ ያስመዘግባሉ፤ ካልተስማሙ የመጀመሪያው ጭማሪውን ማንም ሰው ሳይከፍለው ያነሳዋል። ስልክ አልተደወለም፣ ስብሰባ አልተደረገም፤ ሁሉም ነገር ግን ተነግሯል። ጉዳዩ በ1994 በስምምነት ሲዘጋ አየር መንገዶቹ እንዲህ ያለውን የቀጠሮ ጭማሪ ለመነጋገሪያ እንዳይጠቀሙበት ታገዱ። ይህን የማነሳው «የታተመ ዋጋ» ሲባል ለእኛ ብቻ የታተመ እንዳይመስለን ነው። ከማንም በላይ በትጋት የሚያነቡት ራሳቸው ሻጮቹ ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ዋጋ እንለፍ፤ አብዛኞቻችን የምንቃጠለው እዚህ ላይ ነው። በመዝገብ ርካሽ ታሪፍ መኖሩ መቀመጫ አለ ማለት አይደለም። ትኬት ቆራጩ በረራውን ሲከፍት ከፊቱ የሚመጣው እንዲህ ያለ መስመር ነው፦ ዋይ 9፣ ቢ 9፣ ኤም 4፣ ቪ 2፣ ቲ 0። ሁሉም ኢኮኖሚ ናቸው፤ ወንበሩ ያው፣ ምግቡ ያው። ዋይ ከሁሉም ውዱ፣ ቲ በዚህ ምሳሌ ርካሹ ነው። ቁጥሩ በዚያ ዋጋ የሚሸጠውን የመቀመጫ ብዛት ይነግራል፤ 9 ሲሆን ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ቲ አልቋል። በቪ ሁለት ቀርቷል።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ለገና አራት ሆነን ለመሄድ አንድ ድረ ገጽ ከፍቼ አራት መንገደኛ ብዬ ጠየቅኩ። ዋጋውን ሳይ ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት። ማታ ላይ እንዲያው ለመሞከር አንድ ሰው ብዬ ጠየቅኩ፤ ቀነሰ። ሁለት አልኩ፤ ያው ነው። ሦስት ስል ዘለለ። ምክንያቱ ከላይ የሰማችሁት መስመር ነው። በርካሹ ክላስ ሁለት ብቻ ሲቀር አራት ሰው ከጠየቃችሁ ሲስተሙ ሁለቱን በርካሽ ሁለቱን በውድ አድርጎ አይደምርላችሁም፤ አራታችሁንም አራት መቀመጫ ወዳለበት ክላስ ያወጣችኋል። እኔም ብልጥ ሆኜ ሁለቱን ለብቻ፣ ሁለቱን ለብቻ ቆረጥኩ። ቆጠብኩ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አየር መንገዱ የበረራ ለውጥ አደረገና እኔንና ትንሿን ልጄን በአንድ ቀን፣ ባለቤቴንና ትልቁን ልጅ በማግስቱ ደለደለን። ለሲስተሙ እኛ አንድ ቤተሰብ አልነበርንም፤ የማይተዋወቁ ሁለት ጥንዶች ነበርን። እንደኔ ለማድረግ ያሰባችሁ ትኬቱን እንደቆረጣችሁ ወደ አየር መንገዱ ደውላችሁ ሁለቱ ቡኪንጎች እርስ በርስ እንዲጠቀሱ አድርጉ። ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። ዳለስ ጓሮ የሚኖር ሰው ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ በዳለስ በኩል ከሚያልፈው ዘመዱ የበለጠ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። አንድ በረራ ቀንሶ፣ ዋጋ ጨምሮ! አየር መንገዱ የሚሸጠው መቀመጫ ብቻ ሳይሆን ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ጉዞ ነው። ከሚኒያፖሊስ ሌሎች ብዙ ተፎካካሪዎች በሌሎች ከተሞች በኩል ሰውን ሊወስዱት ይችላሉ፤ ስለዚህ እሱን ያባብሉታል። ዳለስ ያለው ግን ቀጥታ በረራ ስለሚፈልግ የትም አይሄድም። «እንግዲያው ትኬቱን ከሚኒያፖሊስ ቆርጬ ከዳለስ ልሳፈር» ያላችሁ እንዳላችሁ ይሰማኛል። አታድርጉት። የመጀመሪያውን በረራ የቀረ ሰው ቀሪው ጉዞው፣ መመለሻው ጭምር ይሰረዝበታል።

ደረሰኙን ደግሞ እንይ። ከጃንዩወሪ 2012 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ትኬት የሚያስተዋውቅ ሁሉ ግዴታ የሆኑ ግብሮችንና ክፍያዎችን ያካተተውን ሙሉ ዋጋ ማሳየት አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ድምሩ ውስጥ የተደበቀውን ለማየት ዝርዝሩን መክፈት ያስፈልጋል። መነሻ ታሪፍ የሚባል አለ፤ የመንግሥትና የኤርፖርት ክፍያዎች አሉ፤ «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» ተብሎ የተመዘገበ ደግሞ አለ። ይህ የመጨረሻው ከግብሮቹ ጋር ተሰልፎ ስለሚቀመጥ ግብር ይመስላል እንጂ አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረውና ራሱ የሚወስደው ክፍያ ነው። ድሮ የነዳጅ ጭማሪ ይባል ነበር፤ ነዳጅ ሲረክስም አብሮ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ልጅ የያዛችሁ ልብ በሉ። ለልጅ የሚደረገው ቅናሽ የሚሰላው በመነሻው ታሪፍ ላይ ነው። መነሻው ትንሽ፣ ጭማሪው ትልቅ ከሆነ «የልጅ 25 በመቶ ቅናሽ» የተባለው ከጠቅላላው ሲታይ በጣም ያንሳል።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ደረሰኛችሁ ላይ በመነሻው ታሪፍ ቦታ ቁጥር ሳይሆን «አይ ቲ» ወይም «ቢ ቲ» የሚሉ ፊደላት ታገኛላችሁ። አትደንግጡ። ይህ ብዙውን ጊዜ የጉዞ ወኪሉ ከአየር መንገዱ ወይም ከጅምላ ሻጭ በውል ያገኘው፣ ለሕዝብ ያልወጣ ታሪፍ ነው። የሰፈራችን ትኬት ቆራጭ አንዳንዴ ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ የሚረክስበት ምሥጢር ይኸው ነው። ዋጋው በየትኛውም የፍለጋ ገጽ አይታይም፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ብቻ አይቶ «ገበያውን አጥንቻለሁ» የሚል ሰው ግማሹን ገበያ አላየም። ችግሩ ርካሽ ውል ብዙ ጊዜ ጥብቅ ውል መሆኑ ነው። ቀን ማስቀየርና ገንዘብ ማስመለስ በወኪሉ በኩል ብቻ ይሆናል፣ ወኪሉም የራሱን ቅጣት ሊጨምርበት ይችላል። አየር መንገዶች ከጉዞው ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድሞ ከራሳቸው ለተቆረጠ ትኬት፣ ያለ ክፍያ ለ24 ሰዓት ካልያዙላችሁ በስተቀር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሰርዛችሁ ገንዘባችሁን እንድታገኙ የሚያስገድዳቸው የአሜሪካ ደንብ አለ። ያ ደንብ ወኪልን አያስገድድም። በስልክ ስትቆርጡ ከዋጋው በፊት ቅጣቱን ጠይቁ።

እናቱን የሚያስመጣ ሰው የሚሠራት ስህተትም አለች። የእሱን የዳለስ ደርሶ መልስ ዋጋ ይዞ «የእማዬም በዚሁ ይሆናል» ይላል። አይሆንም። ከአዲስ አበባ የሚጀምር ጉዞ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ደንብ፣ ሌላ ወቅት አለው። ከዚህ ለሚነሳ ሰው ትኬቱ በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍትና በገና ሰሞን ይወደዳል፤ ከዚያ የሚነሳው የራሱ ቀን አለው። ወቅቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በመነሻ ቀን ነውና አንዲት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። በዚያ ላይ ታሪፉ በዶላር የተመዘገበ ሆኖ ክፍያው በብር ሲሆን የምንዛሬው ነገር ይመጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ብር ወደ ገበያ ተመን ሲገባ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዶላር አንዲት ሳንቲም ያልተጨመረበት ትኬት በብር የት እንደደረሰ እናንተው አስሉት።

ሦስተኛው፣ የተከፈለው ዋጋ ቀረን። ይህን የምናውቀው የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲሰበስብ በኖረው መረጃ ነው። አየር መንገዶች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከአሥር ትኬት አንዱን ለመንግሥት ሲያስረክቡ ኖረዋል። አመራረጡ ደስ ይለኛል፤ የትኬቱ መለያ ቁጥር በዜሮ ካለቀ ይመረጥ ነበር። ኮምፒዩተር ሳይጠይቅ፣ ጸሐፊ ሳያዳላ። ከዚያ በየሦስት ወሩ ተጠርዞ ይወጣል፤ ማንም ሰው በነጻ ማየት ይችላል።

ቁጥሩን ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። እንበልና ከሚኒያፖሊስ ወደ ዋሽንግተን ከሄዱ አሥር ሰዎች ሰባቱ 120 ዶላር፣ ሁለቱ 260፣ አንዱ በመጨረሻዋ ሰዓት ለለቅሶ የሮጠው 800 ከፈሉ። ደምራችሁ ለአሥር ስታካፍሉ 216 ዶላር ይመጣል። «አማካይ ዋጋው 216 ነው» ብሎ ጋዜጣ ይጽፋል። ከአሥሩ ሰው 216 የከፈለ አንድም የለም። ሌላም ወጥመድ አለ። ከመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዦች አንዱ የመሄጃ ብቻ አማካይ ሲያሳይ ሌላው ደርሶ መልስ የገዛውን ሙሉ ትኬት ይቆጥራል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዋጋ በእጥፍ ጨመረ ብሎ ይጮሃል። የሻንጣ ክፍያም በአማካዩ ውስጥ የለም፤ ሁለት ሻንጣ ጠርቆ የሚሄድ የኛ ሰው ይህን በቃሉ ሊይዘው ይገባል።

የጁላይውን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ዝግጅት ውሰዱ። የስፖርት ፌዴሬሽናችን ከ1984 ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ የሚያካሂደው ይህ ውድድር የሚውለው በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዙሪያ ነው። ያን ሳምንት ትኬት እሳት እንደሚሆን የማያውቅ የለም። መረጃው ግን የሚወጣው በሩብ ዓመት ነው። አንዱ ሩብ በጁን 30 ያበቃል፣ ሌላው በጁላይ 1 ይጀምራል። የኛ ሳምንት ለሁለት ተከፍላ በሦስት በሦስት ወር ውስጥ ትሰምጣለች። ያለፈውን ዓመት አማካይ አይታችሁ ለኳሱ በጀት ከያዛችሁ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።

ለመሆኑ ከዳለስ ቦሌ ሰዎች ስንት እንደከፈሉስ በዚህ መረጃ ይገኛል? አይገኝም። ለሕዝብ የሚወጣው የትኬት ናሙና የአገር ውስጥ ጉዞን ብቻ የሚያሳይ ነው። በዓለም አቀፍ መስመር በግልጽ የሚታተመው ስንት መቀመጫ ቀርቦ ስንት መንገደኛ እንደተጓዘ ነው። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። አውሮፕላኑ በየትኛው ወር ጢም ብሎ እንደሚሄድ፣ በየትኛው ወር ወንበር እንደሚተርፈው ታያላችሁ፤ ርካሾቹ ክላሶች ቀድመው የሚያልቁበትን ወር ከዚያ መገመት አይከብድም። የተቀረውን ከራሳችን ደረሰኝ ነው የምናገኘው። እዚያ ቡና ላይ የነበሩት ሦስቱ የከፈሉትን ብቻ ሳይሆን የቆረጡበትን ቀን፣ ክላሱን፣ ከማን እንደቆረጡ ጨምረው ቢነግሩን ኖሮ ከየትኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ መረጃ በያዝን ነበር።

ይህን ዝግጅት ስጽፍ ወደ እትዬ ደወልኩ። በጥቅምት ሊሄዱ ትኬት ቆርጠዋል። መነጽራቸውን ፈልገው ወረቀቱን ያነቡልኝ ጀመር። ፊደላቱን አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ ኤክስ ያላትን «መስቀሏ» አሏት። መነሻው ታሪፍ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«እዚህ ጋ ቁጥር የለም ልጄ። ‹አይ ቲ› ይላል።»

ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ቀን ባስቀይር ቅጣቱ ስንት ነው?» አሉ። ወረቀቱ ላይ እንደሌለ፣ ወኪሉን መጠየቅ እንዳለባቸው ስነግራቸው ስልኩን ዘጉብኝ፤ ለካ እሱ ጋ ሊደውሉ ነው።